የቴሌስኮፕን የኃይል ገመድ በልክ መሥራት፣ ደሴ ላይ

ጀመዓ፣ ቴሌስኮፕ ያላችሁ ወይም ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ይቺን አንብቧት። ስለ ሌንስ አይደለችም። ስለ ከዋክብትም ብዙ አላወራም። ስለ ገመድ ናት።

ያለፈው ኅዳር ላይ ነው። ሰማዩ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ደሴ ላይ እንደሚሆነው ጥርት ብሏል። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቶበታል (መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለን እኛ ኮከብ ቆጣሪዎቹና ሌባ ብቻ ሳንሆን አንቀርም)። ጋቢዬን ተከናንቤ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከአዝዋ ገደል በላይ ብቅ እስኪል እጠብቃለሁ። ወጣ። ቴሌስኮፑን ወደዚያ አዘዝኩት። ሞተሩ ዝዝዝ ብሎ ጀመረና ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። የቴሌስኮፑ መብራት ብልጭ አለና ሁሉ ነገር እንደ አዲስ ተነሳ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያስተካከልኩት አቅጣጫ ጠፋ። እንደገና አስተካከልኩ፣ እንደገና ጠፋ። አራት ጊዜ።

ሞተሩ ተቃጠለ ብዬ ሦስት ሳምንት አዘንኩ። አንድ ጠጋኝ ጋ ወስጄው ሳይከፍት "ቦርዱ ሄዷል" ብሎኛል። በመጨረሻ መልቲሜትር ይዤ ራሴ ለካሁት። ሞተሩ እየዞረ ባትሪው ጋ 12.3 ቮልት አለ። ቴሌስኮፑ የሚሰካበት ጫፍ ላይ ግን 10.6። 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ቦርዱ ምንም አልሆነም፣ ያስራበው ገመዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ገመዶቼን በሙሉ ራሴ ነው የምሠራቸው። የጓደኞቼንም ሠርቻለሁ። አብሽሩ፣ ከባድ አይደለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ገመድ ለምን ቮልት ይበላል

ሒሳቧ አጭር ናት፣ ቶሎ እንጨርሳት። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው። እዚያ ላይ 1 ቮልት ቢጎድል ማንም አያውቅም። ቴሌስኮፕ ግን በ12 ቮልት ነው የሚሠራው። ብዙዎቹ ሞተር ያላቸው ማውንቶች ከ11 እስከ 16 ቮልት ስጡን ይላሉ። ማውንት የምለው ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ሰማዩን እየተከተለ የሚያዞረውን አንገት ነው። ከ11 በታች ሲወርድ አንዳንዱ ይንተፋተፋል፣ አንዳንዱ እንደ እኔው ራሱን አጥፍቶ ይነሳል።

1 ሜትር ርዝመትና 1 ስኩዌር ሚሊ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 0.0175 ኦም ያህል ይከለክላል። ኤሌክትሪኩ ደግሞ ሄዶ መመለስ አለበት፣ ስለዚህ 3 ሜትር ገመድ ማለት 6 ሜትር መዳብ ማለት ነው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አሁን በ3 ሜትር ገመድ 6 አምፔር እናሳልፍ። ሽቦው 0.5 ከሆነ 1.26 ቮልት ይበላል። 1.5 ከሆነ 0.42። 2.5 ከሆነ 0.25። የእኔው ደግሞ 0.5 ሆኖ 5 ሜትር ነበር፣ ያውም ከመሃል በናስትሮ የተቀጠለ። በ4 አምፔር ብቻ 1.4 ቮልት ይውጣል። ቀሪዋን 0.3 የበላት ማን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ስንት አምፔር እንደምትፈልጉ ለማወቅ የየዕቃውን ጀርባ አንብቡ። የእኔ ማውንት በፍጥነት ሲዞር 2 ይደርሳል። ራሱን የሚያቀዘቅዘው የሰማይ ፎቶ ካሜራ 3 ይጠጣል። ሌንሱ ላይ ጤዛ እንዳያርፍ የሚያደርገው ማሞቂያ 1። ድምሩ 6 ነው። ኮከቡን ቀስ ብሎ ሲከተል ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፣ ግን ገመድ የሚሠራው ለክፉ ቀኑ ነው።

በሲባጎ ለኩ

ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት ቴሌስኮፑን ሙሉ በሙሉ ትከሉት። ካሜራው፣ ማሞቂያው፣ ሚዛኑ፣ ሁሉም ቦታው ላይ ይሁን። ከዚያ ሲባጎ አምጡ። አንዱን ጫፍ ገመዱ የሚሰካበት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጥፉት፣ ሌላውን ባትሪው የሚቀመጥበት ድረስ ዘርጉት። አሁን ቴሌስኮፑን በእጃችሁ አዙሩት። ወደ አናት። ወደ ምሥራቅ ዝቅ። ወደ ምዕራብ ዝቅ። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ገልብጡት። ሲባጎው የሚወጠርበት ቦታ አለ፣ የሚንጠለጠልበትና ብሎን ላይ የሚጠመጠምበትም አለ። በጣም የፈለገውን ርዝመት ያዙና 15 ወይም 20 ሴንቲ ጨምሩ። ከዚያ በላይ አትጨምሩ። "ለማንኛውም" ተብሎ የተተወ ትርፍ ገመድ ነው ጨለማ ውስጥ እግር የሚጠልፈው።

እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ጉዳይ አለው። የውጭ መመሪያ "ይህን ያህል ሴንቲ ቁረጥ" ካለ አትመኑት። የማውንቱ ዋና ዘንግ የሚያነጣጥረው ወደ ሰሜን ኮከብ ነው። ያ ኮከብ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ ደግሞ ከአገሩ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ በዲግሪ ካለው ርቀት) ጋር እኩል ነው። ለንደን ላይ 51 ዲግሪ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ 11 ዲግሪ ብቻ ነው። ደሴ ላይማ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ተራራ ወይ የጎረቤት ፎቅ ይውጠዋል፣ እኔ ኮምፓስ ይዤ ነው የምጀምረው። ስለዚህ የእኛ ማውንት አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሠራው። ዘንጉ ወደ መተኛት ይጠጋል፣ የሚዛኑ ብረት ወደ ትራይፖዱ እግር ይቀርባል፣ በዚያ በኩል የሚያልፍ ገመድ በእግሩና በብረቱ መካከል ገብቶ ይጨመቃል። የኮምቦልቻው ጓደኛዬ አንድ የዩኤስቢ ገመድ እንደ ሸንኮራ ተጨምቆበታል። በሲባጎ ስትለኩ ይህችን ቦታ ደጋግማችሁ እዩ።

አሁን ዋናው ምክሬ። ከመሬት ወደ ላይ አራት አምስት ገመድ አትላኩ። አንድ ወፍራም ግንድ ይውጣ። ቴሌስኮፑ ጀርባ ላይ ትንሽ ሳጥን እሰሩ፣ ግንዱ እዚያ ይግባ፣ ከሳጥኑ ደግሞ 30 እና 40 ሴንቲ የሆኑ አጫጭር ቅርንጫፎች ወደ ካሜራው፣ ወደ ማሞቂያው ይሂዱ። ቅርንጫፎቹ ከቴሌስኮፑ ጋር አብረው ስለሚዞሩ ምንም አይወጠርም። የሚንቀሳቀሰው ግንዱ ብቻ ነው። ለግንዱ 2.5 ሽቦ፣ ለቅርንጫፎቹ 0.75 በቂ ነው። 40 ሴንቲ የሆነ 0.75 ሽቦ በ3 አምፔር የሚበላው 0.06 ቮልት እንኳ አይሞላም። የማውንቱ መሰኪያ ታች ከሆነና የማይዞር ከሆነ የራሱን ገመድ ከባትሪው በቀጥታ ስጡት።

ዕቃው ከየት ይገኛል

ደሴ ላይ የቴሌስኮፕ ዕቃ ሱቅ የለም ብላችሁ አትዘኑ። የምንፈልገው ሁሉ በሌላ ስም ይሸጣል።

ሽቦ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ "2.5 ስጠኝ" ካላችሁት ለቤት መስመር የሚሆነውን ደረቁን ይሰጣችኋል። እሱ አይሆንም። አንድ ወፍራም ዘንግ ስለሆነ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይሰበራል። "ፍሌክሲብል፣ ባለ ብዙ ጸጉር" በሉት። ቀይና ጥቁር ሆኖ የተጣበቀው የድምፅ ማጉያ ገመድም ያገለግላል፣ መዳብ ከሆነ። "ከሆነ" ያልኩት በምክንያት ነው። ላዩ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ አልሙኒየም የሆነ ሽቦ ገበያውን ሞልቶታል። ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይከለክላል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። አንዱን ጸጉር በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ ለሻጩ አመስግናችሁ ውጡ። በተቃራኒው ላዩ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ቀይ የሚወጣም አለ፣ እሱ ቆርቆሮ የተነከረ መዳብ ነው፣ ካገኛችሁ ግዙት።

ፊውዝና የፊውዝ ቤት የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ሂዱ። ባጃጅ 12 ቮልት ነው፣ የእኛም 12 ቮልት ነው፣ ዘመዳሞች ነን። ባለ ቀለም ጠፍጣፋዎቹን ፊውዞች፣ ሽቦ የወጣለትን የፊውዝ ቤት፣ ባትሪ ላይ በብሎን የሚታሰረውን ቀለበት፣ ሁሉንም እዚያ ታገኛላችሁ። እኔን ያስተናገደኝ ልጅ ለምን እንደፈለግኩት ጠየቀኝ። ለቴሌስኮፕ ስለው "ባጃጇን ጨረቃ ላይ ልትነዳት ነው?" ብሎ ቀለበቶቹን በነፃ ጨመረልኝ።

መሰኪያው ደግሞ የጥበቃ ካሜራ የሚገጥሙ ሰዎች ጋ አለ። ለካሜራው ኃይል የሚሰጠው ክብ መሰኪያ ውጩ 5.5 ሚሊ፣ ቀዳዳው 2.1 ሚሊ ነው፣ አብዛኞቹ ማውንቶችና የሥነ ፈለክ ካሜራዎች የሚቀበሉትም ይህንኑ ነው። ባለ ብሎኑም፣ የሚበየደውም አለ። ባለ ብሎኑን ለሙከራ ብቻ ግዙት። ለዘለቄታው የሚበየደውን።

ከተበላሸ የዋይፋይ ሳጥን ቻርጀር ቆርጦ መጠቀምስ? መሰኪያው ብዙ ጊዜ ልክ ነው፣ ሽቦው ግን እንደ ክር የቀጠነ ነው። ለማሞቂያ ይሁን፣ ለካሜራ አይሁን።

2.1 እና 2.5

የቀረችውን 0.3 ቮልት የበላው ይኸው ነው። ከሞተ ላፕቶፕ ቻርጀር የቆረጥኩት መሰኪያ ነበር። ወፍራም፣ ቆንጆ፣ ውጩ 5.5። ልክ ግጥም አለ። ቀዳዳው ግን 2.5 ሚሊ ነበር። የማውንቱ መሃል መርፌ ደግሞ 2.1። 2.5ቱ በ2.1 መርፌ ላይ ይገባል፣ ግን ዙሪያውን አይነካም፣ አንድ ጎኑን ተደግፎ ነው የሚቆመው። ነፋስ ሲያወዛውዘው ይለቃል። ሲለቅ ማውንቱ ይጠፋል። የሚገርመው ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ስትሞክሩት ምንም አይልም።

መለያው ቀላል ነው። የ2.5 ሚሊ የብረት መሰርሰሪያ ጭራውን ወደ መሰኪያው ቀዳዳ አስጠጉት። ባለ 2.1ዱ አላስገባም ይላል። አንዴ ከለያችሁ ባለ 2.5ቹን ሌላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጧቸው፣ ወይም ለጠላታችሁ ስጧቸው።

ሌላም አለ። ከማውንቱ ጋር የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ ጫፉ ለመኪና ሲጋራ መለኮሻ የሚሆን ነው። እኔ በጣም የምጠላው መሰኪያ ነው። በአንዲት ስፕሪንግ ተገፍቶ ነው የሚቆመው፣ ስትነኩት ወጣ ይላል። እሱን ገመድ አትቁረጡት፣ እንዳለ ካርቶኑ ውስጥ ይቀመጥ። አዲሱ የእናንተ ገመድ ባትሪው ላይ በቀለበትና በብሎን ይታሰር።

ሥራው

የሚያስፈልጋችሁ መበየጃ፣ ሊድ፣ መቁረጫ ፒንሳ፣ ምላጭ፣ መልቲሜትር፣ ሲሞቅ የሚኮማተረው የፕላስቲክ ቱቦ፣ ላይተር፣ እና መብራት የማይጠፋበት ሁለት ሰዓት ነው። የመጨረሻውን ማንም አይሸጥላችሁም። ሊዱ ውስጡ ሙጫ ያለው፣ ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆነው ይሁን። ለቆርቆሮ ብየዳ የሚቀባውን አሲድ ወደ ሽቦ አታስጠጉ፣ ከወር በኋላ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል።

መጀመሪያ ሁለቱን ሽቦ ቋጯቸው። ነጠላ ሲቋጭ አይታችሁ የለ? ያው ነው። ቀዩንና ጥቁሩን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ እሰሩ፣ ሌላውን ድሪል አፍ ውስጥ አስገቡና ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ላይ አንድ ዙር ከሆነ ይበቃል። ድሪሉን ስታቆሙ ወዲያው አትልቀቁት፣ እንደ እባብ ይዘላል፣ ጎተት አድርጋችሁ ያዙትና እንዲረጋጋ ጠብቁ። የተቋጨ ገመድ አይበታተንም፣ ሳጥን ውስጥ አይጠላለፍም፣ በአጠገቡ ለሚያልፍ የዩኤስቢ ገመድም የሚያሰማው የኤሌክትሪክ ጫጫታ ያንሳል። ሲቋጭ እንደሚያጥር ግን አትርሱ፣ ከለካችሁት አንድ አሥረኛ ያህል አስረዝማችሁ ጀምሩ። የተጣበቀ ድርብ ገመድ የገዛችሁ ይህን እለፉት።

ቀጥሎ ቱቦውንና የመሰኪያውን ክዳን ገመዱ ላይ አስገቡ። አሁን። ከብየዳው በፊት። እደግመዋለሁ፣ ከብየዳው በፊት። እኔ እስከ ዛሬ ከአምስት አንዱን ረስቼ በይጄ፣ አድንቄ፣ ከዚያ ክዳኑ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ አግኝቼዋለሁ።

የሽቦውን ላስቲክ 5 ወይም 6 ሚሊ ላጡት። ጸጉሮቹን ሳትቆርጡ። ጠምዝዟቸውና መበየጃውን አስጠግታችሁ ሊድ አጠጧቸው። መበየጃው ሙቀቱ የሚስተካከል ከሆነ 350 ዲግሪ ጥሩ ነው። ሊዱን መበየጃው ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ አድርጉት፣ ሽቦው ራሱ ሲግል ይጠጣዋል። የመሰኪያውን ሁለት ጆሮዎችም እንዲሁ ትንሽ ሊድ አስቀድማችሁ አጠጡ። ከዚያ ሁለቱን ማገናኘት የሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። ቀዩ ወደ መሃሉ አጭር ጆሮ፣ ጥቁሩ ወደ ውጩ ረጅም ጆሮ። አብዛኞቹ የሥነ ፈለክ ዕቃዎች መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፣ ግን በዕቃው ላይ ያለችውን የክብና የነጥብ ሥዕል ሳታዩ አትሥሩ።

አንዲት ዘዴ ልንገራችሁ፣ ብዙ መሰኪያ አበላሽቼ የተማርኳት። ስትበይዱ መሰኪያው አሮጌ ሶኬት ውስጥ ተሰክቶ ይሁን። ውስጡ ያለው ፕላስቲክ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ያኔ የመሃሉ ቱቦ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ከዚያ በኋላ ያ መሰኪያ ለዘላለም ችግር ነው። ሶኬት ውስጥ ከሆነ መርፌው ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ ብረቱም ሙቀቱን ይካፈለዋል።

ጥሩ ብየዳ ያበራል፣ ሽቦውን አቅፎ ይተኛል። ደብዛዛና ጉብ ያለ ከሆነ ቀዝቅዞ ነው የያዘው፣ እንደገና አሙቁት። አሁን የረጅሙን ጆሮ ክንፎች በፒንሳ ገመዱ ላስቲክ ላይ እጠፏቸው። ይህ ለጌጥ አይደለም። ገመዱ ሲጎተት የሚጎተተው ላስቲኩ እንዲሆን ነው እንጂ ብየዳው እንዳይሆን። ቱቦውን ጎትታችሁ አምጡና በላይተር አኮማትሩት፣ እሳቱ ሳይነካው ከሥር ወዲያ ወዲህ እያላችሁ። ሁለት ቱቦ፣ አንዱ አጭር አንዱ ረዘም ያለ፣ ተደራርበው ሲኮማተሩ ገመዱ ከመሰኪያው ሲወጣ ድንገት እንዳይታጠፍ ያደርጉታል። ክዳኑን ጥብቅ።

ሳጥኑ ውስጥ ባለ ብሎን ማገናኛ ከተጠቀማችሁ እዚያ የሚገባውን ጫፍ ሊድ አታጠጡት። ሊድ ለስላሳ ነው፣ ብሎኑ ሲጫነው ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ከወራት በኋላ ብሎኑ ላልቶ ታገኙታላችሁ። ባዶውን መዳብ ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ፣ አጥብቁት። በየቅርንጫፉ መነሻ ፊውዝ ይኑር፣ 5 አምፔር ይበቃል።

የግንዱ ፊውዝ 10 አምፔር ይሁን፣ ቦታውም ቀዩ ሽቦ ላይ፣ ባትሪው አፍንጫ ሥር፣ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ። ፊውዝ የሚጠብቀው ቴሌስኮፑን አይደለም፣ ገመዱን ነው። ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ሾርት ቢያደርግ የሚያቆመው ነገር የለም፣ ይቀላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ ጋቢያችሁ። ባትሪ ላይ ስትሠሩ ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ቁልፍ በሁለቱ የባትሪ ጫፎች መካከል ሲወድቅ አንዴ አይቻለሁ፣ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

ከመሰካታችሁ በፊት

ባትሪው ገና ሳይታሰር መልቲሜትሩን ድምፅ የሚሰጠው ላይ አድርጉ። አንዱን መርፌ መሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ፣ ሌላውን ውጩ ላይ። መጮህ የለበትም። ከጮኸ ውስጥ አንድ ጸጉር ሾልኮ ነክቷል፣ ክፈቱት። ከዚያ ከቀዩ ሽቦ ጫፍ እስከ መሃሉ፣ ከጥቁሩ ጫፍ እስከ ውጩ። አሁን መጮህ አለበት። ገመዱን እያወዛወዛችሁ ሞክሩት፣ ድምፁ ከተቆራረጠ ብየዳው አልያዘም።

አሁን ባትሪውን እሰሩ። መልቲሜትሩ ቮልት ላይ። ቀዩ መርፌ ቀዳዳው ውስጥ፣ ጥቁሩ ውጩ ላይ። 12 ነጥብ ምናምን ካነበባችሁ እሰዬው። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ካለ ተገልብጧል፣ እንዳትሰኩት፣ ካሜራ በዚህ ይሞታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አበቃ ይላል። አላበቃም። ጭነት የሌለው ገመድ ሁሉም ጥሩ ነው። የእኔ የድሮው ገመድም ሞተሩ ሳይዞር 12.4 ያሳይ ነበር! ሁሉን ነገር ሰኩ፣ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ክፈቱ፣ ቴሌስኮፑን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ በፍጥነት ላኩት፣ ያን ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ለኩ። ማውንቱ የራሱ ገመድ ካለው የእሱንም ጫፍ። ባትሪው ጋ ካለው ከግማሽ ቮልት በላይ ካልጎደለ ገመዳችሁ ተሳክቷል። ሁለት ቀን ቆይታችሁ ብየዳዎቹን በእጅ ዳብሱ፣ ከሥራ በኋላ የሚሞቅ ቦታ ካለ እዚያ ችግር አለ።

ስለ ባትሪ በአጭሩ። የመኪና ባትሪ ይሠራል፣ ግን የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ስለሆነ በየሌሊቱ ብታራግፉት ዕድሜ አይኖረውም። ለሶላር የሚሸጠው ይሻላል። እሱም ቢሆን የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ከግማሽ በታች አታውርዱት፣ ሥራ ፈትቶ አርፎ ሲለካ 12.1 አካባቢ ከደረሰ ተኙ።

ጨለማ ውስጥ

ገመዶቼን መጀመሪያ በቀለም ናስትሮ ነበር የለየኋቸው። ቀይ ለካሜራ፣ ነጭ ለማሞቂያ። ሌሊት ዓይን እንዳይፈዝ የምንጠቀመው ግን ቀይ መብራት ነው፣ በቀይ መብራት ደግሞ ቀይና ነጭ አንድ ናቸው። ስንት ጊዜ አሳስቶኛል። አሁን በጣት ነው የምለያቸው። መሰኪያው ጋ አንድ የፕላስቲክ ማሰሪያ ካሜራ ነው፣ ሁለት ማሰሪያ ማሞቂያ፣ ሦስት ማውንት። የተረፈውን ጭራ በደንብ አስጠግታችሁ ቁረጡት፣ ጣት ይቧጭራል።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ተራው ላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። የደረቀ ገመድ ቴሌስኮፑን ይጎትታል፣ ፎቶው ላይ ኮከቡ ክብ መሆኑ ቀርቶ ጭራ ያወጣል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ይህ ብዙም አይመለከታችሁም፣ ስድስት ሰባት መቶ ሜትር ወረድ ስላላችሁ በሸሚዝ ነው የምታዩት። የደሴ ሰው ግን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለው በሲልከን የተሸፈነ ሽቦ ያስመጣ። በብርድ እንደ ተልባ ይልሞሰሞሳል፣ መበየጃ ቢነካውም አይቀልጥም። እሱ ካልተገኘ ግንዱን ከመሬት በቀጥታ ወደ ሳጥኑ አትውሰዱት። ትራይፖዱ አናት ላይ አንዴ እሰሩት፣ ከዚያ ልል ብሎ ደጋን ሠርቶ ይውጣ። ክብደቱን ትራይፖዱ ይሸከም።

ከከተማ ወጥታችሁ ሐረጎ ላይ ወይም ወደ ኩታበር መንገድ የምትተክሉ ከሆነ ትርፍ ፊውዞችን ሳጥኑ ክዳን ውስጥ በናስትሮ ለጥፉ፣ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት። ቦርሳ ውስጥ አይደለም፣ ሳጥኑ ውስጥ። እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር የማስቀምጠው፣ ቦርሳው መኪና ውስጥ ነበር፣ መኪናው ደግሞ ሃምሳ እርምጃ ወዲያ። በመካከላችን ጅብ ቆሞ ነበር። ያን ሌሊት በዓይኔ ብቻ ነው ሰማይ ያየሁት።